ትንሿ ትራክተርና ትልልቅ ሰዎች

ስለ ሞተር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ብትሉኝ አልጣላችሁም። አድራሻውን ብቻ ንገሩኝ፤ ሄጄ የጎደለውን እሞላለታለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። መኩራራት ቢያምረኝማ ገና በልጅነቴ የአጎቴን የወፍጮ ሞተር ፈትቼ መልሼ ስገጥም ሦስት ብሎን እንደተረፈኝ፣ ወፍጮውም በሦስት ብሎን ቀለል ብሎት እንደሠራ አወራችሁ ነበር። የሠራው ስድስት ቀን ነው። ስድስት ቀን ደግሞ አይናቅም፤ ዓለምም የተፈጠረችው በስድስት ቀን ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ግቢያችን ሰፊ ነው። መጋዘን አለ፣ ቢሮ አለ፣ የባንዲራ መስቀያ አለ፤ የቀረው ሁሉ ሣር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሣሩ እንዲህ ያድግና ባንዲራ ሰቃያችን ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ የሚታየን ኮፍያው ብቻ ነበር። ይህን ሣር በየዓመቱ የሚያጭዱት የግቢው ዘበኛ አባ ይመር ናቸው። በማጭድ ያጭዳሉ፣ ይከምራሉ፣ ለላማቸው ይወስዳሉ። አባ ይመርም ላሚቱም መሥሪያ ቤቱም ከዚህ በላይ የሚመኙት ነገር አልነበረም።

ሰው ሳይመኝ ሲቀር ደግሞ ሌላ ይመኝለታል። ከአንድ ወዳጅ አገር ስጦታ ተልኳል ተባለና በሳንቃ የታሸገ ሣጥን ከአሰብ መጣልን። ሲከፈት ትራክተር ነው። ትራክተር ስላችሁ ያንን ማሳ የሚገለብጠውን እንዳታስቡ። ይህቺ የአህያ ቁመት እንኳ የላትም። ቀይ ናት፤ አራት ጎማ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ወንበር አላት፤ ከሆዷ ሥር ሣር የሚቆርጥ ስለት ይሽከረከራል። አባ ይመር አንድ ጊዜ ዞረው አዩዋትና፣ «እናቷስ የት አለች?» አሉ።

ከእሷ ጋር አንድ መጽሐፍ መጥቶ ነበር፤ በወዳጅ አገር ቋንቋ የተጻፈ። ወዳጅነታችን ገና ከመጨባበጥ አልፎ ማንበብ ላይ አልደረሰም ነበርና ሥዕል ሥዕሉን አየን። አንደኛው ሥዕል ላይ ባዶ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ አጠገብ ሰው ቆሟል፤ በቆመው ሰው ላይ ትልቅ ቀይ መስቀልኛ መስመር ተሰምሮበታል። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በላቸው ሥዕሉን አተኩረው ተመለከቱና፣ «ሥራ ፈት አጠገቧ አይቁም ማለት ነው» ብለው ተረጎሙልን። ጓድ በላቸው ከላይ ተሹመው የመጡ፣ ካኪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ስብሰባ ላይ ከሁለት ሰዓት በታች ተናግረው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ትርጉማቸው ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ስለነበር ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቅንቀን አጸደቅን።

«ማን ይነዳታል?» ሲባል እጄ ወጣ። የእኔ እጅ ከአእምሮዬ ቀድሞ የመውጣት አመል አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ ጨረስኩ።

ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፏን ሳዞር እንደ ድመት አንኮራፍታ ሥራ ጀመረች። ያን ቀን ብታዩኝ ደስ ባላችሁ። ደረቴን ነፍቼ፣ ኮፍያዬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ ከባንዲራው እስከ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ እስከ ባንዲራው እመላለሳለሁ። ታይፒስቶቹ በመስኮት ብቅ አሉ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበር፤ ሣሩን ፈጭታ ትተፋዋለች። አባ ይመር ማታ ከተተፋው አንድ ጭብጥ ዘግነው ለላማቸው ወስደው ኖሮ፣ አሽትታ ፊቷን እንዳዞረች ነገሩኝ። «ላም የማትበላውን ሣር ማጨድ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሠልጥኖ ማጨድ ይባላል ብዬ መልሼላቸዋለሁ።

ግን ማታ ከመድረሱ በፊት ረፋዱ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ግማሹን ግቢ እንደጨረስኩ ጓድ በላቸው ከቢሯቸው ወጥተው ወደ እኔ መጡ። መቼም እኔን ያሳደጉኝ ሰዎች ብዙ ነገር አላስተማሩኝም። አንድ ነገር ግን በቁንጥጫ ጭምር አስተምረውኛል፤ ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫህ ብድግ ትላለህ፣ «ኖር» ትላለህ፣ ተቀመጥ እስክትባል ትጠብቃለህ። እኛ አገር ይህን ያላወቀ ልጅ የእናቱ ስም ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ብድግ ብዬ ወረድኩና ኮፍያዬን አወለቅኩ። ትራክተሯ ያኔ ጸጥ አለች።

«ሐሙስ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ» አሉ ጓድ በላቸው። «ስጦታዋ የተገኘችው በእሳቸው በኩል ነው። ስትሠራ ማየት ይፈልጋሉ። እስቲ አስነሳት፣ እኔም ልያት።»

አለቃ ቆሞ እኔ እንዴት ልቀመጥ? እንደቆምኩ እጄን ሰድጄ ቁልፉን አዞርኩ። ዝም። ደግሜ አዞርኩ። ዝም። ጭጭ ያለ ዝምታ፤ ትር እንኳ አላለችም።

«ጠዋት ሙሉ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። እኔ ስመጣ ጠፋች?»

«ትንሽ ሞቋት ይሆናል፣ ጓድ።»

«ስማ፣ አዲስ ዕቃ በራሱ አይበላሽም። በአንድ ቀን ከተበላሸ የሰው እጅ አለበት። የሰው እጅ ካለበት ደግሞ ስሙ አሻጥር ነው።» ይህን ብለው ሄዱ።

ያንን ዘመን ያላያችሁ ይህን ቃል እንደ ተራ ቃል ታነቡት ይሆናል። እኛ ግምጃ ቤት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። የመጋዘኑ ሚዛን እጁ ላይ ተሰበረና ያ ቃል በስሙ አጠገብ ተጻፈ። ስምንት ወር አላየነውም። ሲመለስ ቀበቶው ወገቡን ሁለት ጊዜ ይዞረው ነበር። ሚዛኑ ድሮውንም ያረጀ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ግን ወጥተን አልተናገርንለትም። ጓድ በላቸው ጀርባቸውን ሲያዞሩ ትዝ ያለኝ ያ ቀበቶ ነው። ፈራሁ። በሞተር ዕውቀቴ አይደለም፤ በዕውቀቴ ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ ነው የፈራሁት።

ከሰዓት በኋላ ሕክምናው ተጀመረ። መጀመሪያ ካንዴላዋን ነቀልኩ፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ጥርስ የነጣ ነው። እሱንም ቢሆን በሸማ ወለወልኩት። የቤንዚን ቱቦዋን ፈትቼ በአፌ ስስበው አንድ ጉንጭ ሙሉ ቤንዚን ጠጣሁ፤ ያኔ ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ለመትፋት ሳሳሁ። ካርቡራተሩን አጠብኩ። ባትሪውን በምላሴ ቀመስኩ፤ አለ፣ ይቆነጥጣል። እያንዳንዱን ከገጠምኩ በኋላ ከጎኗ ተንበርክኬ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ዝም ትላለች። ወንበሩ ላይ ለምን አልተቀመጥክም ትሉኝ ይሆናል። በሽተኛው ላይ ቁጭ ብሎ የሚያክም ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማምሻውን ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት።

ማክሰኞ ወደ ደሴ ልወስዳት ወሰንኩ። እዚያ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የታወቁ መካኒክ አሉ፤ ሞተር በጆሯቸው ነው የሚያክሙት ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና ጆንያ ይዞ ወደዚያው ስለሚሄድ ትራክተሯን ለአራት ተሸክመን ከጆንያው መሐል አስቀመጥናት። ጋቢናው ሞልቷል። እኔም ከላይ ወጣሁና ሌላ መቀመጫ ስለሌለ ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ።

የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ኮምቦልቻ ወደ ታች እየቀረች ሄደች፤ ጉሙ መጣ፣ ብርዱም መጣ። እጄን የማደርግበት ባጣ ቁልፏን ይዤ ማዞር ጀመርኩ። እንዲያው ለጨዋታ። ትርርር ብላ ተነሳች።

እመኑኝ፣ በጭነት መኪና ላይ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ምክንያቱንም ወዲያው አገኘሁት፤ ምክንያት በማግኘት የሚቀድመኝ የለም። ይህቺ የብርድ አገር ልጅ ናት። ኮምቦልቻ አቃጠላት፣ ደሴ ሲሸታት ነፍሷ ተመለሰች። ለእንግዳው ምን እንደምል ሁሉ አቀናበርኩ፤ ትራክተሯ ወደ ደሴ ብትዛወር የሚል ሐሳብም አዘጋጀሁ። እንዲህ እያንኮራፋች፣ እኔም መሪዋን ይዤ፣ ሰኞ ገበያ ደረስን። ገበያተኛው ዞር እያለ ያያል። አንዱ፣ «መኪና ላይ ሆኖ መኪና ይነዳል እንዴ ሰው?» ሲል ሰማሁት። ምቀኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

የጋሽ ሰይድ ጋራዥ በር ላይ ቆምን። ጋሽ ሰይድ ነጭ ጢማቸውን እያበሱ ብቅ አሉ። እኔም ብድግ አልኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ሰይድ። ሳያዩዋት ዳነች።»

«ዐለይኩሙ ሰላም። ማናት የዳነችው?»

ዞር ብዬ ሳያት ጸጥ ብላለች። አውርደን መሬት አስቀመጥናት። ጋሽ ሰይድ ጉልበታቸውን አጥፈው አጠገቧ ተቀመጡ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ካንዴላውን ነቀሉ፣ ሽቦውን ተከታተሉ። በየመሐሉ፣ «ሞክራት እስቲ» ይሉኛል። እኒያን የሚያህሉ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው እኔ ከበላያቸው ወንበር ላይ ጉብ ልበል? እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አይወጣም። ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በትሕትና አዞራለሁ። በትሕትና ዝም ትላለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆንን።

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ወላሂ፣ ይህን ያህል ዘመን ሞተር ሳክም እንዲህ ያለ ጤነኛ በሽተኛ አልገጠመኝም። ደሟ ደህና፣ ትንፋሿ ደህና። አብሽር ልጄ፣ ወይ ሰው ፈርታለች፣ ወይ ዓይን በልቷታል፤ ሌላ የምለው የለኝም።» ከዚያም ሁለት ብሎን ሰጡኝ። የት እንደጎደሉ በጆሯቸው ነው ያወቁት።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ እንደገና ቁጭ ብዬ ቁልፉን ነካሁት። ተነሳች። ቁልቁለቱን ሁሉ እያንኮራፋች ወረደች፤ ሙቀቱ ውስጥ ገባን፣ አሁንም ታንኮራፋለች። የብርዱ ነገር እዚያው ተቀበረ። ግቢያችን ስንደርስ አባ ይመር በሩን ከፈቱልን። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸውና ብድግ ብዬ እንዴት ዋሉ አልኳቸው። ጠፋች። አባ ይመር እኔን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

ረቡዕ ማለዳ፣ ገና ማንም ሳይገባ፣ ብቻዬን ስሞክራት አንድ ጊዜ ሳልደግም ተነሳች፤ ግማሽ ሰዓት አጨድኩ። ጓድ በላቸው ሲመጡ ብድግ አልኩ፤ ጠፋች። አሁን ምንም አልተቆጡም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ፣ መልሰው ከተቱ፣ «ነገ አራት ሰዓት» አሉኝና ሄዱ። ደብተሩ ውስጥ ያለው ቃል ካለሁበት ቆሜ የተነበበኝ መሰለኝ።

ቁጭ ብዬ በዕውቀት መረመርኩት። ጓድ በላቸው ሲመጡ ጠፋች። ጋሽ ሰይድ ሲመጡ ጠፋች። አባ ይመር ሲመጡ ጠፋች። ብቻዬን ስሆን ትሠራለች። እንግዲህ ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆነልኝ፤ ይህቺ ትራክተር ትልቅ ሰው አትወድም፣ የትልቅ ሰው ዓይን አይስማማትም። ለዓይን ደግሞ መድኃኒት አለው። ከሃምሳ ብሎን በላይ ፈትቼ እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረሴ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ ያኔ ግን በጣም ኮራሁበት።

ወደ በሩ ሄድኩ። አባ ይመር የዘበኛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ ይመር፣ ለዓይን የሚሆን ነገር አያጡም መቼም።»

«ዓይንህን አመመህ?»

«ለእኔ አይደለም። ለትራክተሯ ነው።»

አባ ይመር መጀመሪያ ፊቴን አዩ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቁ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ሞተር አላውቅም። የማውቀው በር ነው። በር የሚጠብቅ ሰው ግን ማን ቁጭ አለ ማን ብድግ አለ ሲያይ ነው የሚውለው። ሰኞ እኒያ አለቃህ መጡ፤ ብድግ አልክ፣ ጠፋች። ትናንት እኔ በር ስከፍት ብድግ አልክ፣ ጠፋች። ዛሬም ያው። ቁጭ ስትልባት ትጮኻለች፣ ስትለቃት ዝም ትላለች። ዓይን አይደለም። ያቺ ትራክተር ኖር የሚባል ነገር አታውቅም።»

ሮጬ ሄድኩና ወንበሯን ገልብጬ አየሁ። ከሥሩ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር አለች፤ ሁለት ሽቦ ገብቶባታል። በጣቴ ስጫናት ቀጭ ትላለች፣ ስለቃት ቀጭ ትላለች። ሰው ከተቀመጠ ትሠራለች፤ ሰው ከተነሳ፣ ወድቆ ስለት እንዳይገባ ብለው ይሆናል፣ ሞተሩን ታጠፋለች። ያኔ ያ ሥዕል መጣብኝ፤ ባዶው ወንበር፣ የቆመው ሰው፣ ቀዩ መስመር። ያ የቆመ ሰው ሥራ ፈት አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

«ካወቁ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው ተመልሼ።

«ትናንት እርግጠኛ አልነበርኩም። ዛሬ ደግሞ ልነግርህ ብመጣ ትነሳለህ። ሥራህን ልግደልብህ? ጠዋት እንኳ ስትሠራ ሳይህ ደስ ብሎኝ፣ ለዉዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያዬ፣ ውሃ ልቀዳ ስሄድ በመጋዘኑ ጀርባ ነው የዞርኩት። እንዳታየኝ ብዬ።»

በመጋዘኑ ጀርባ ያለው መንገድ ድንጋይ ነው፣ በእጥፍ ይረዝማል። አባ ይመር ደግሞ ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። እኔ በዕውቀቴ ስመጻደቅ እኒህ ሰው እኔን ላለማስነሳት ያንን ድንጋይ በዚያ ጉልበት ዞረዋል። አፈርኩ።

ሽቦዎቹን ባገናኛቸውስ ብዬ አሰብኩና አማከርኳቸው። «የመንግሥትን ሽቦ?» አሉ። «ነገ አንዱ ወንበሩን ገልብጦ ቢያይ በምን አፍህ ልትመልስ ነው? ይልቅ ቁጭ ማለት ተማር።»

ቁጭ ማለት የሚማሩት ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔ ትራክተሯ ላይ ተቀምጬ ሞተሩን አስነሳለሁ፤ አባ ይመር ከበሩ ተነስተው እንደ እንግዳ እየተንጎማለሉ ይመጣሉ፤ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አለብኝ። በመጀመሪያው አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ብድግ አልኩ። በሁለተኛው ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ እግሬ ግን አላማከረኝም። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የዱላቸውን ኳኳታ ሰምቼ ተነሳሁ።

«እኔን እንደ ድንጋይ ቁጠረኝ» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

አባ ይመር ትንሽ አሰቡና ከትከሻቸው ፎጣቸውን አወረዱ። ያ ፎጣ ፀሐይ ሲሆን ጥላቸው፣ ሶላት ሲሆን ምንጣፋቸው ነው። ወገቤን ከወንበሩ ጀርባ ጋር አንድ ዙር ጠምጥመው፣ ላም እንደሚያስሩ አድርገው ቋጠሩት። «እግርህ እንቢ ካለ ይህ ይይዝሃል። ነገም እንዲሁ እናደርጋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልክ ተደወለ፤ እንግዳው ኮምቦልቻ ሊገቡ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮው ፊት ለፊት በተደረደረው ወንበር ተቀመጠ። እኔ በፎጣ ታስሬ፣ ኮቴን በፎጣው ላይ ደርቤ፣ ሣሩ መሐል እያንኮራፋሁ እመላለሳለሁ። መኪኖቹ ሲገቡ የተቀመጠው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። በዚያ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የቀረ አንድ ሰው ነበር። እግሬ ተነስ አለኝ፤ ፎጣው ያዘኝ። ደግሞ አለኝ፤ ደግሞ ያዘኝ።

ጓድ በላቸው ከሩቅ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ ተነስ ማለታቸው ነው። አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። በእጃቸው አሳዩኝ። አንገቴን የበለጠ ዝቅ አደረግኩ። እንግዳው ግን ይህን ሁሉ አይተው ኖሮ፣ ሰልፉን ትተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ስለቱን አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ቆምኩ። ማለቴ ትራክተሯ ቆመች፤ እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ተቀምጬ ጨበጥኳቸው። ጓድ በላቸው ከኋላቸው ደርሰው ፊታቸው አመድ መስሏል፣ እጃቸው ወደ ደብተራቸው ኪስ ሄዷል።

«ሰው ሁሉ ሲነሳ አንተ ለምን አልተነሳህም፣ ጓድ?» አሉኝ እንግዳው።

ያ ቀበቶ መጣብኝ። ውሸት ፈለግኩ፤ እኔ ውሸት አጥቼ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣልኝ አለ። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

«ከተነሳሁ ሥራው ይቆማል፣ ጓድ» አልኩ።

እንግዳው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ሰማችሁት? ከተነሳሁ ሥራው ይቆማል ነው የሚለው። እኛ ስንመጣ ሥራውን ጥሎ የሚያሸረግድ ሠራተኛ ሞልቶናል። የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።» አጨበጨቡ። ሰልፉ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የጓድ በላቸው ጭብጨባ ነበር፤ ለማጨብጨብ ደብተሩን ማስቀመጥ ነበረባቸው።

እንግዳው ከሄዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ ለማንኛውም ኃላፊ ሥራውን አቋርጦ ከመቀመጫው እንዳይነሳ። መሥሪያ ቤቱ በታሪኩ እንደዚህ በሙሉ ልብ የተቀበለው መመሪያ የለም። ጓድ በላቸው ማስታወቂያው መከበሩን ሊያዩ በየቢሮው ሲዞሩ ታይፒስቶቹ ቀና እንኳ አላሉም። እሳቸውም በር ላይ ትንሽ ቆም ይሉና፣ የሚነሳ ሲጠፋ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያልፋሉ። አሳዘኑኝ፣ አልዋሽም።

እኔ ግን የቀረውን ሣር ለመጨረስ ትራክተሯ ላይ ነበርኩ። ቃሉ ከስሜ አጠገብ ርቋል፤ ሰውነቴ ሁሉ ቀሎኛል፤ አሁንም በአባ ይመር ፎጣ እንደታሰርኩ ነኝ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሊደርስ ሲል ቀና ብዬ ሳይ፣ አባ ይመር ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ከዘበኛ ቤታቸው ወጡ። የውሃ ቧንቧው ከእኔ ወዲያ ማዶ ነው፣ በሣሩ ላይ ቢመጡ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። እሳቸው ግን ወደ መጋዘኑ ጀርባ ታጠፉ። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ድንጋዩን በዱላ እየፈለጉ።

«አባ ይመር፣ በዚህ ይምጡ» ብዬ ጮኽኩ።

«ተወኝ፣ ሥራህን ሥራ። ትጠፋብሃለች።»

«ይምጡ ግዴለም።»

ትንሽ አመነቱና ወደ ሣሩ ተመለሱ። እኔ ኮቴን ገለጥኩ። የአባ ይመር ቋጠሮ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ በጣቴም በጥርሴም ታግዬ ፈታሁት። አጠገቤ ሲደርሱ ከወንበሩ ብድግ አልኩ። ትራክተሯ ጸጥ አለች፣ ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ኖር፣ አባ ይመር» አልኩ።

ፎጣቸውን በሁለት እጄ መለስኩላቸው። ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፣ ትራክተሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«በአላህ፣ ተቀመጥ ልጄ።»

ተቀመጥ ብለውኛል። ቧንቧው ጋ እስኪደርሱ ድረስ ግን አልተቀመጥኩም።